እማማ ኬራና ለአንባቢዎቿ መልስ ትሰጣለች

ድሬንካ፣ ማርች 12 ቀን 2004

ይድረስ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሳትጋበዝ በአገሩ ሳሎን ሁሉ ለምትገባው ለእህቴ ልጅ ለኔቬና፤

እግዚአብሔር ጣትሽን ከቢላ፣ ፊትሽን ከቴሌቪዥኑ መብራት ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደህና አይደለም፤ እሱ ግን የራሱን ደብዳቤ ይጻፍ። ፍየላችን ሱልጣናም ደህና ናት። እንዲያውም ከቤቱ ሰው ሁሉ የተመቻት እሷ ናት።

ያልደወልኩልሽ ተቀይሜሽ አይደለም። የመንደሩን የስልክ ሽቦ ሌቦች ለመዳቡ ሲሉ ከነምሰሶው ወሰዱት። ሞባይል የሚባለው ደግሞ እዚህ የሚሠራው የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ቤት አናት ላይ ብቻ ነው። በዚህ ጉልበቴ እዚያ ድረስ ከወጣሁ የምደውልልሽ ለመናዘዝ ነው።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ስለ ምግብ የምትጽፊበት መጽሔት መጣ። ጎረቤታችን ፔና፣ ያቺ ከቤቷ ይልቅ በሰው አጥር ሥር የምትገኘው፣ ሱቅ ውስጥ ጮክ ብላ አነበበችልን። «ትናንት አክስቴ ኬራና ጣቴን በእንጨት ማንኪያ መታ አድርጋ፣ ‹ልጄ፣ ናና በቢላ አይቆረጥም፤ በእጅ ነው የሚቀደደው፤ ፍቅር በቢላ ይገባል እንዴ?› አለችኝ» ይላል። ፔና መነጽሯን አወለቀችና ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ሚንቾ፣» አለች፤ «ባለፈው ወር የበላሁት የማንን ንፍሮ ነው?»

ምን ልበላት? የአክስትሽ የኬራና አርባ ከወጣ ገና መንፈቅ የለው፣ ወር የለው። ንፍሮውንም አንቺው ነሽ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆመሽ በማንኪያ ያደልሽው። ለአርባዋ ያሳተምነው የሐዘን ወረቀት፣ ፎቶዋ ያለበት፣ ዙሪያውን ጥቁር የተሰመረበት፣ በራችን ላይ፣ አውቶቡስ መቆሚያው ላይና ሱቁ ላይ እንደተለጠፈ ነው። እውነቱን ለመናገር የበራችንን ሱልጣና ግማሽ ፊቷ ድረስ ልሳ በላችው። በዱቄት ሙጫ ነዋ የለጠፍኩት! ፔና አላስቻላትም፤ እንደ ደንባችን በየቤቱ ትርፍ ወረቀት ይቀመጥ የለ፣ የእሷን አምጥታ በላዩ ለጠፈችበት። «ሙት ግማሽ ፊት ይዞ አይቆምም» ብላ።

ሌላም አለ። ፖስተኛው «ለእማማ ኬራና፣ ድሬንካ መንደር» የተባለ አንድ ጆንያ ደብዳቤ ደጃፌ ላይ ጥሎልኝ ሄደ። ያንቺ ወዳጆች ናቸው። አንዷ የሱፍ ካልሲ ሠርታላታለች። ምን ላድርጋቸው? ካልሲውን አድርጌዋለሁ።

ልጄ፣ እኔ ቀብሬአታለሁ፤ የመንደሩ ሰው ምስክሬ ነው። አንቺ የምትቀብሪያት መቼ ነው?

አጎትሽ ሚንቾ


ሶፍያ፣ ኤፕሪል 2 ቀን 2004

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ አጎቴ፤

እመቤታችን ጉልበትህን ትጠግንልህ፤ ዕድሜህን ታርዝምልኝ። ደብዳቤህን ያነበብኩት ለቀረጻ ፊቴን ሲቀቡኝ ነው። እንደገና መቀባት ነበረባቸው።

እንዲህ ነው የሆነው። ከቀብሩ ስመለስ የሳምንቱ ገጽ ይጠብቀኝ ነበር። «ሞተች» ብዬ ልጽፍ ተቀመጥኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ። አንድ ሳምንት ብቻ በሕይወት ላቆያት አልኩ። አንዱ ሳምንት ሌላውን ጎትቶ መጣ። አሁን ብናገር «ታዲያ እስካሁን ስታጫውቺን የነበርሽው ከማን ጋር ሆነሽ ነው?» ይሉኛል። የሚያውቅ ሰው ቢኖር አለቃዬ ስቬትላ ብቻ ናት። እሷም ቁጭ አድርጋ፣ «ሰው የሚያነበው አንቺን አይደለም፣ እሷን ነው። ያለ እሷ አንቺ መጥበሻ የያዘች ቆንጆ ነሽ፤ መጥበሻ የያዘ ቆንጆ ደግሞ በየጣቢያው ሞልቷል» አለችኝ።

አጎቴ፣ ሰዎቹ መጥፎ አይደሉም። ብቸኞች ናቸው። የጻፍኩትን ምግብ ይሠሩና፣ ገበታቸው ላይ ለኬራና አንድ ሳህን እንዳስቀመጡላት ይጽፉልኛል። እንዴት አድርጌ ነው ያንን ሳህን የማነሳው?

ደብዳቤዎቹን መልስ ሳትሰጥባቸው አስቀምጥልኝ። አንድ ነገር ደግሞ ለምንሃለሁ፦ የእሷን የድንች ፓታትኒክ አሠራር ጻፍልኝ። ሁሉም ይጠይቁኛል። ጣዕሙ ምላሴ ላይ አለ፤ አሠራሩን ግን አላውቀውም። ስትሠራ ሁልጊዜ ከወጥ ቤት ታባርረኝ ነበር።

ልጅህ ኔቬና


ድሬንካ፣ ኤፕሪል 26 ቀን 2004

ይድረስ ሙት ለምታስነሳው ለኔቬና፤

ለፋሲካ የላክሽው ኬክ ደርሷል፤ ላኪውን ይባርክ። ፔና ቀምሳ «ቆንጆ ነው፣ ሳሙና ሳሙና ይላል እንጂ» ብላለች። ሦስት ቁራሽ ከበላች በኋላ ነው ያለችው።

ደብዳቤዎቹን አስቀምጥ ብለሽኛል። አስቀምጬአቸው ነበር። ግን ከመደርደሪያው ላይ ሆነው አዩኝ። አንዱን ብከፍት ምን አለ አልኩ። ከፕሌቨን ዶንካ የምትባል ሴት ናት። «እማማ ኬራና፣ ባሌ ጥሎኝ ሄደ። በምን ምግብ ልመልሰው?» ትላለች። ይህንን እንዴት አድርጌ ልለፈው? እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦

«ዶንካ፣ ልጄ፤ ሲሄድ በሩን ዘግቶ ነው ከፍቶ? ከፍቶ ከሆነ ዝጊው፣ ብርድ ይገባል። ከዚያ ዶሮ እረጂና ሁለቱንም እግሮች ለብቻሽ ብዪ። ከተመለሰም ክንፉን ስጪው፤ መብረር ይወድ የለ። ኬራና።»

ሌላዋ አስተማሪ ናት። «ሊጡን ሳሳሳው ይቀደድብኛል፤ ምን ይሻለኛል?» ትላለች። «ይቀደድ። ሆድ ውስጥ ገብቶ ማን ሊያየው!» አልኳት።

አትቆጪ። ይኼ የእሷ አፍ ነው፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም። ቆይ፣ ክንፉን ጨምሬአለሁ። አንቺ የምትጽፊያት ሴትዮ ግን ከአፏ ማር ብቻ ነው የሚንጠባጠበው። ጥሩ ሴት ትመስላለች። እኔ ግን እሷን አላገባሁም። ያገባኋት ሲጋራዋን በምድጃ ፍም የምትለኩሰውን፣ ፍየል የምትሳደበውን፣ ምግብ ማብሰልን እንደ ጥርስ ሕመም የምትጠላውን ኬራናን ነው። «ሰው በቀን ሦስቴ የሚርበው እኔን ለማናደድ ነው» ስትል አልሰማሽም? ያሳደገችሽ እሷ ናት፤ ከዚያችኛዋ ጋር አንድ ቀን አብረሽ አላደርሽም።

የፓታትኒኩን አሠራር ጠይቀሻል። መጀመሪያ ድንች ያስፈልጋል። የቀረውን ሌላ ጊዜ።

አጎትሽ ሚንቾ


ሶፍያ፣ ሜይ 22 ቀን 2004

ይድረስ ለአጎቴ ለሚንቾ፤

ሰላምና ጤና በቤትህ ይሁን። ስለ ዘገየሁ አትቀየመኝ። ምን እንደምጽፍልህ ስላላወቅኩ ነው የዘገየሁት።

ያቺ ዶንካ ሁለቱንም የዶሮ እግር በልታ፣ አጥንቱን ይዛ ፎቶ ተነስታ፣ ካንተ ደብዳቤ ጋር ለመጽሔቱ ላከችው። ስቬትላ አነበበችውና ሳቋ ኮሪደር ድረስ ተሰማ። የፊተኛው ገጽ ላይ አወጣችው። አሁን እኔ ለምጽፈው ማንም ግድ የለው፤ «እማማ ኬራና ራሷ ትመልስልን!» ነው የሚሉት። ስቬትላ «ማን ነው የሚጽፈው?» ስትለኝ «አጎቴ» አልኳት። «እንዳያቆም» ብላ ሄደች።

ስለዚህ አጎቴ፣ አስቀምጣቸው ያልኩህን ተወው። መልስላቸው። ትንሽ ብቻ ለስለስ አድርጋት፤ ሲጋራውንም ተወው፤ ልጆች ያነባሉ።

ስቱዲዮው ውስጥ የኬራናን ወጥ ቤት ሠርተዋል። የፕላስቲክ ሽንኩርት ተሰቅሎበታል። ከመስኮቱ ኋላ ተራራ በቀለም ተስሏል። በሩም ቀለም ነው፤ እጀታው እንኳ ተስሎ ነው እንጂ አይጨበጥም። ቀረጻ ባለ ቁጥር ቀኑን ሙሉ እዚያ ውስጥ ነኝ። ባለፈው ሳምንት መብራቱ በጣም ሞቀኝና፣ ሳላስበው ወደዚያ በር ሄጄ እጀታውን ልይዝ እጄን ሰደድኩ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

የራስ ሻሿንና ሽርጧን ላክልኝ፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ እንዲሰቀል ይፈልጋሉ።

ልጅህ ኔቬና


ድሬንካ፣ ጁን 15 ቀን 2004

ይድረስ በቀለም ቤት ለምትኖረው ለኔቬና፤

ጤናሽን ይስጥሽ፤ ከተሳለውም ይሁን ከእውነተኛው ተራራ ቀዝቃዛ ነፋስ ይላክልሽ።

ሽርጡን ልኬአለሁ። ደረቱ ላይ ያለው ቀዳዳ የሲጋራ ነው። ልጆች ከጠየቁ ፍቅር ያቃጠለው ነው በያቸው፤ አንቺ ለዚህ ለዚህ አታንሺም። ሻሹን ግን አልክም። ለምን እንደማልክ አትጠይቂኝ።

መንደሩ ወሬሽን ሰምቷል። ኬራና ቴሌቪዥን ላይ ትፈለጋለች ከተባለ ወዲህ፣ ኬራና ለመሆን ሦስት አሮጊቶች ተመዝግበዋል። ፔና መስታወት ፊት ስትለማመድ በመስኮት አይቻታለሁ። «እኔ አፌ እንደ እሷ ነው» ትለኛለች። «አፍሽስ ይበልጣል፤ ግን እሷ አንዳንዴ ትዘጋው ነበር» አልኳት። ካለፈው እሑድ ጀምሮ አላናገረችኝም፤ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አትሳቂብኝ፤ መሳቅ የእኔ ሥራ ነው። መጀመሪያ ለነዚያ ሴቶች የጻፍኩት ለማሾፍ ነበር። አሁን ግን ጠዋት እስክሪብቶውን ሳነሳ ትመጣለች። አጠገቤ ትቀመጥና፣ «እንዲህ አይባልም፣ አንተ ደንቆሮ፤ እንዲህ በላት» ትለኛለች። እጽፋለሁ። ደብዳቤው ሲያልቅ ቤቱ ጭጭ ይላል። ያ ጭጭ ማለቱ ስለማይመቸኝ ሌላ ፖስታ እከፍታለሁ። አየሽ፣ አንቺ ላይ ልስቅ ብዬ ነበር አንቺ ያለሽበት ጉሮኖ ውስጥ የገባሁት። ዘወር ብዬ ሳይ በሩ ከውጭ ተቀርቅሯል።

አጎትሽ ሚንቾ


ሶፍያ፣ ጁላይ 5 ቀን 2004

ይድረስ ለውድ አጎቴ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ለብርዱ ወራት ያከማቸኸው እንጨት ይበቃሃል? ጉልበትህስ?

ከዚህ በላይ ማዞር አልቻልኩም። ጁላይ 24፣ ቅዳሜ፣ አንድ አውቶቡስ ሙሉ አንባቢዎች ወደ ድሬንካ ይመጣሉ። ስቬትላ ናት ያዘጋጀችው፤ እኔ የሰማሁት መጽሔቱ ላይ ታትሞ ነው። ካሜራም ይመጣል። ዶንካም አለችበት። ሁሉም ከመጽሔቱ የተማሩትን ሠርተው ለኬራና ሊያቀምሱ ይዘው ይመጣሉ።

ስቬትላ ሁሉንም አስባበታለች። ኬራና አሟታል፣ ሰው ለማየት አልቻለችም ይባላል። አንተ በሩ ላይ ቆመህ ሰላምታዋን ታደርሳለህ። አንተን ማመን አያቅታቸውም፤ ሳያውቁህ ስንት ወር አምነውሃል።

አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረው። አጎቴ፣ የሐዘን ወረቀቱን አንሳው። ከበሩ፣ ከአውቶቡስ መቆሚያው፣ ከሱቁ። ለአንድ ቀን ብቻ። እሑድ ጠዋት መልሰህ ትለጥፈዋለህ። ይህ ከታወቀ ሥራዬ አበቃ፤ ሥራው ይቅር፣ እነዚያ ሴቶች ፊት እንዴት እቆማለሁ?

ልጅህ ኔቬና


ድሬንካ፣ ጁላይ 12 ቀን 2004

ለኔቬና፤

ደህና ነኝ።

መንፈቋ በ19 ነው። አዲሱ ወረቀት ታትሞ መጥቷል፤ ጠረጴዛው ላይ ነው። አባ ጸሎቱን ለማድረስ ቃል ገብተዋል። ሙጫውን በራሷ ድስት ገንፍቼ እለጥፈዋለሁ። ለየቤቱም አድላለሁ፤ እንደ ደንቡ።

ሰው ሲሞት በዚህ አገር ምን እንደሚደረግለት ከማንም በላይ ታውቂያለሽ። ስሙ በገዛ በሩ ላይ ይለጠፋል። ዝናብ ያጥበዋል፣ እንደገና ይለጠፋል። ከዚህ ሌላ ያስቀረሁላት ነገር የለም። ወጥ ቤቷን አንቺ ወሰድሽው፤ ሽርጡንም ወስደሻል። አፏንም እኔው ራሴ አከራየሁት።

ስለ ፓታትኒኩ ዛሬ አልጽፍም።

ሚንቾ


ሶፍያ፣ ጁላይ 17 ቀን 2004

አጎቴ፤

ልክ ነህ።

ብታነሳው እድናለሁ ብዬ አይደለም የለመንኩህ። ብታነሳው አንድ ሳምንት አገኛለሁ። ከጃንዋሪ ጀምሮ የምኖረው እንዲህ በሳምንት በሳምንት ነው። ቅዳሜ ሲያልፍ እተነፍሳለሁ፤ እሑድ ተመልሶ አንገቴን ይይዘኛል።

አላነሳውም ብትል አልቀየምህም። ከአውቶቡሱ እንዴት እንደምወርድ ግን አላውቅም።

ኔቬና


ድሬንካ፣ ጁላይ 27 ቀን 2004

ይድረስ በአውቶቡስ መጥታ በአውቶቡስ ለተመለሰችው ለልጄ ለኔቬና፤

እግዚአብሔር ልብሽን ያሳርፈው። የኔም አላረፈም። ከመስኮቱ ኋላ ሆነሽ ያላየሽውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ይህን እወቂ፦ አንስቼው ነበር።

ደብዳቤሽ ሐሙስ ደረሰኝ። ዓርብ ፔና ገበያ እስክትወርድ ጠበቅኩና ሙቅ ውኃና ቢላ ይዤ ወጣሁ። ከበሩ ላጥኩት። ከመቆሚያው ላጥኩት። ከሱቁም። የበሩ አልለቅ አለኝ፤ ሙጫውን ወፍራም አድርጌው ነበር። ዓይኗ ላይ ስደርስ ቢላውን አዙሬ በጀርባው ፋቅኩት። ሥራዬን ጨርሼ ገባሁና ሻሿን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ ፊት ለፊቴ ሆኖ እንዳያየኝ።

ይህን ያደረግኩት ላንቺ ነው። ጥሩ አደረግኩ አልልም።

ፔና ከገበያ ስትመለስ በሩ ባዶ ሆኖ አየችው። መቆሚያውም ባዶ ነው። እኔ ላጥኩት ብላ በምን ታስብ? በመንፈቋ ሳምንት የሚስቱን ወረቀት የሚልጥ ሰው በዚህ ተራራ ተወልዶ አያውቅም። «ያቺ ሰይጣን ፍየል ሁሉንም በላችው!» ብላ ጮኸች። ሱልጣና ባልበላችው ወረቀት ሁለት በትር ቀመሰች። ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ ትርፍ ወረቀታቸውን ይዘው ወጡ። እኔ ቤት ተቀምጬ ለካሜራው የምለውን ስለማመድ፣ እነሱ ፍየል በማይደርስበት ከፍታ፣ ወንበር ላይ እየወጡ፣ ከመቆሚያው እስከ ቤታችን ባለው አጥር፣ በር፣ የዋልነት ዛፍ ሁሉ ላይ ለጠፉ። ቅዳሜ አውቶቡሱን ልቀበል ስወጣ መንገዱ በሙሉ ኬራና ነበር። በግራ ኬራና፣ በቀኝ ኬራና። ከየአጥሩ ላይ ሆና፣ ያንን የምታውቂውን ዓይኗን አድርጋ፣ «እሺ፣ ሚንቾ፣ አሁንስ?» ትለኛለች።

የምልጥበት ጊዜ አልነበረም። አውቶቡሱ ደረሰ።

ሴቶቹ እየሳቁ ነበር የወረዱት፤ ሁሉም በጨርቅ የተሸፈነ ትሪና ድስት ይዘዋል። የመጀመሪያዋ መቆሚያው ላይ ያለውን አየች። ሳቋ ቆመ። ከኋላዋ ያለችው ገፋቻት፤ እሷም አየች። ሁሉም ተራ በተራ አነበቡት። እኔ ቆቤን አወለቅኩ።

አንዲት ቀይ ጫማ ያደረገች ወፍራም ሴት ቀርባኝ፣ «ጃንዋሪ 19 ይላል» አለች። «ለእኔ ደብዳቤ የጻፈችልኝ በኤፕሪል ነው። እኔ ዶንካ ነኝ።»

«ፖስታው ዘግይቶ ነው» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

አየችኝ። እስክሪብቶ የያዝኩበትን ጣቴን አየች፤ ቀለሙ አይለቅም። «ክንፉን ስጪው ያልከኝ አንተ ነህ?»

«እሱን ብቻ። የቀረው የእሷ ነው።»

የምትመታኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ትሪዋን ከፈተችና የዶሮ እግር አውጥታ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ለኬራና ነፍስ» አለች። «ነፍስ ይማር» አልኩ፤ ከዚህ ሌላ አይባልማ። ከዚያ ሁሉም ጨርቃቸውን ገለጡ። ሊያቀምሷት ያመጡትን ለመንደሩ ሰው፣ እርስ በርሳቸው፣ ለሹፌሩ አደሉ። «ለኬራና ነፍስ፤» «ነፍስ ይማር።» ፔና በአንድ እጇ ሰባት ዓይነት ይዛ ታለቅሳለች፤ ታኝካለችም። ካሜራ የያዘው ሰውዬ ሲቀርጽ፣ አስተማሪዋ የተቀደደ ሊጧን ቁራሽ ዘረጋችለት። ዝክር በአንድ እጅ አይቀበሉም። ካሜራውን መሬት አስቀመጠና በሁለት እጁ ተቀበለ።

አንቺ ብቻ አልወረድሽም። ሳህን ይዤ መጥቼ መስታወቱን በጣቴ መታሁ። ግንባርሽን መስታወቱ ላይ አድርገሽ ራስሽን ነቀነቅሽ። ትንፋሽሽ መስታወቱን ስለሸፈነው ፊትሽን አላየሁትም። ሳህኑን የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ትቼልሽ ሄድኩ። በልተሽው ይሆን?

አጎትሽ ሚንቾ


ሶፍያ፣ ሴፕቴምበር 9 ቀን 2004

ይድረስ ለአጎቴ ለሚንቾ፤

ሳህኑን ከሹፌሩ ጋር ተካፍለን በላነው። ነፍስ ይማር ብዬአለሁ፤ ድምፄ ስላልወጣ አልሰማህም።

ከዚያ ወዲህ መጻፍ ያልቻልኩት ምን እንደሚያደርጉኝ እየጠበቅኩ ስለነበር ነው። ያባርሩኛል ብዬ ዕቃዬን በካርቶን አድርጌ ነበር። አላባረሩኝም። ስቬትላ ካሜራው መሬት ከመቀመጡ በፊት የተቀረጸውን አየችና አለቀሰች፤ ከዚያ «ይህ ወርቅ ነው» አለች። በሚቀጥለው ሳምንት «ሞተች» ብዬ እንድጽፍ ፈቀደች። በመጨረሻ፣ አጎቴ! ተቀምጬ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አክስቴ ኬራና ጃንዋሪ 19 ቀን አረፈች። ምግብ ማብሰል አትወድም ነበር።» ከዚህ በላይ መጻፍ አላስፈለገኝም።

መጽሔቱ ሲወጣ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር የለም። ቆርጣዋለች። «ሰው ይህን ማወቅ አይፈልግም» አለችኝ። በቦታው ላይ ስለ ናናና ስለ ፍቅር የሚያወራውን መልሳ አስገብታለች።

አሁን የተሳለው በር ላይ ጥቁር ጥብጣብ አስረዋል። እዚያው ውስጥ ነኝ። ለሚቀጥለው ዓመትም ፈርሜአለሁ፤ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። ሞቷን ከነገርኳቸው በኋላ እወጣለሁ ብዬ ነበር። ለካ የሞተችውንም ቢሆን እኔ የሠራኋትን ነው የሚፈልጓት።

ዶንካ ምን እንደጻፈችልኝ ልንገርህ? «አጎትሽ መልስ መስጠቱን እንዳያቆም። ሞቷን አውቀናል፤ ግን ገና ብዙ የምንጠይቃት አለን።»

የፓታትኒኩን አሠራር አሁንም አልላክህልኝም። ለቴሌቪዥን አይደለም። ለራት ነው።

ልጅህ ኔቬና


ድሬንካ፣ ኦክቶበር 20 ቀን 2004

ይድረስ ለልጄ ለኔቬና፤

ቸሩ አምላክ ከአርታኢ ቢላ ይሰውርሽ። ጉልበቴ ቀኑ ሲቀዘቅዝ የአየር ትንበያ መናገር ጀምሯል፤ ቴሌቪዥንሽ ሰው ካጣ ይጥራኝ።

ደብዳቤዎቹ አልቆሙም። እኔም አላቆምኩም። አሁን የምፈርመው «የኬራና ባል፣ በእሷ ትእዛዝ» እያልኩ ነው። ይኸውልሽ፣ ሁለታችንም እዚያው ጉሮኖ ውስጥ ነን። ቢያንስ በአጥሩ ቀዳዳ እንነጋገር።

ፓታትኒኩ ይኸውልሽ። ድንቹን ፍቀሽ በእጅሽ ጭመቂው፣ ውኃው እስኪያልቅ፤ የሚጠላሽን ሰው እያሰብሽ። ሽንኩርት፣ ነጭ አይብ፣ እንቁላል። ናና፤ በቢላ፣ ልጄ፣ በቢላ፤ ያውም በዛገው። በእጅ ስትቀድ አንድ ቀን አላየኋትም። ዝግ ባለ እሳት ላይ ጣጂውና ውጪ፤ እሷ ለማጨስ ነበር የምትወጣው፤ አንቺን ያባረረችሽም ለዚሁ ነው፣ እንዳታያት። ሥሩ ሲቀላ ሳህን ግጠሚበት፣ ተሳደቢ፣ ገልብጪው። ይወድቃል። የእሷም ሁልጊዜ ይወድቅ ነበር። አንስተሽ ብዪው። ጣዕሙ ምላስሽ ላይ የቀረው ያ ነው፤ ትንሽ አመድ አለበት።

ትናንት ዘጠነኛ ወሯ ነበር። ለእሱ ብዬ ከወሩ መጀመሪያ አዲስ ወረቀት አሳትሜ ለጥፌአለሁ። ከስሟ በታች፣ «የተወደደች ሚስት፣ አክስትና ጎረቤት» ከሚለው ቀጥሎ፣ ያንቺን ቃል አስጨመርኩበት፦ «ምግብ ማብሰል አትወድም ነበር።» አባ አንብበው ተቆጡ። ፔና አማተበች፤ ከዚያ በእጇ አፏን ይዛ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። አንባቢዎችሽ እስካሁን ድረስ እየመጡ ያነቡታል፤ ከሩቅ ከተማ ሳይቀር በሁለት በሦስት ሆነው ይመጣሉ። ያነባሉ፣ ይስቃሉ፣ ነፍስ ይማር ይላሉ። እኔ ከመስኮት ሆኜ እሰማቸዋለሁ።

ስትመጪ በሩን ግፊው፤ ቀለም አይደለም። ሲከፈት ይጮኻል። መምጣትሽን እንድሰማ ብዬ ነው ቅባት ያልቀባሁት።

ያቺ አለቃሽ የቆረጠችውን እዚህ የሚቆርጥ የለም፤ ከሱልጣና በቀር። እሷንም አስሬአታለሁ።

አጎትሽ ሚንቾ